የካንሰር ሐኪም ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላወሳው ያሰብሁት ጉዳይ ብዙ ሰው በሹክሹክታ እንጂ በግልጥ ሲናገረው የማይሰማ ነው። ይኸውም የጡት ካንሰር ያገኛት ሴት ሕክምናዋን ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ እስክትፈጽም ድረስ የካንሰር ሐኪሟ በምን በምን መንገድ እንደሚደግፋት ነው። ሐኪም መድኃኒት እንደሚያዝ ሁላችንም እናውቃለን። ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚሰጠውን ሌላውን ነገር ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን፤ ባለማወቃችንም ብዙ ጊዜ የሐኪሙን ሥራ እናሰናክልበታለን።

ይህ ነገር ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ምን ይጠቅመናል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ከእናንተ መካከል አንዱ ባል ነው፥ ሌላው ወንድም ነው፤ አንዷ ይህ ንግግር በቀጥታ ራሷን የሚመለከታት ናት፤ አንዱ ደግሞ የሕመም ፈቃድ መጠየቂያ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት የሚፈርም አለቃ ነው። እንግዲህ ሁላችሁም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ድርሻ አላችሁ ማለት ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ስም ጥቂት ቃል ልናገር። በአማርኛችን ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሲነገር ኖሯል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በረቂቅ ተሕዋስያን የሚመጣውና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቲቢ ነው። የጡት ነቀርሳ የሚባለው ግን ካንሰር ነው፤ ይህም የገዛ ገላችን ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ለቀው ያለ ልክ ሲራቡ የሚመጣ በሽታ ነው። የስሙ መመሳሰል ማንንም እንዳያሳስት እለምናለሁ። የጡት ካንሰር በትንፋሽ አይተላለፍም፥ በአንድ መሶብ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፥ በአንድ አልጋ በመተኛትም አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመችውን ሴት ዕቃዋን የሚለይባት፥ ልጆቿንም የሚያርቅባት ሰው ያለ ምክንያት ሌላ በሽታ ይጨምርባታል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2022 ዓ.ም. ብቻ በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በወንዶችም ላይ ይታያል፤ ነገር ግን ከመቶው ከአንድ እጅ አይበልጥም። ይኸው ድርጅት ከታመሙት ሴቶች ግማሽ የሚያህሉት ሴት ከመሆናቸውና ከዕድሜያቸው በቀር ሌላ የተለየ ምክንያት ያልተገኘባቸው መሆናቸውን ይናገራል። ይህን ቁጥር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። አንዲት ሴት ሕመሟን ባወቀች ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ ራሷን የምትጠይቀው «ምን በድዬ ነው?» እያለች ነውና፥ የሐኪሙ የመጀመሪያ ድጋፍ ይህን የማይገባ ወቀሳ ከልቧ ማንሣት ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ ሐኪም ከበሽተኛዋ ጋር መነጋገሩ የሕክምናው ክፍል ሆኖ የተቈጠረው ከብዙ ዘመን ወዲህ አይደለም። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የነበረው ስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ በ1894 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ጡቱን፥ ከጡቱ ሥር ያለውን የደረት ጡንቻ፥ በብብት ያሉትንም እጢዎች በአንድ ላይ ቈርጦ የማውጣትን ዘዴ አስታወቀ። ይህ ዘዴ ከሰባ ዓመታት በላይ ገዢ ሆኖ ኖረ። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ጡቷ ውስጥ ያለው እብጠት ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ማደንዘዣ ትወስድ ነበር። እርሷ ተኝታ ሳለች ቁራሹ ይመረመራል፤ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ሳትነቃ ጡቷ ይቈረጣል። በሽታዋን የምታውቀው ስትነቃ ደረቷን በእጇ ዳስሳ ነበር። ሐኪሙ በጭካኔ ያደረገው አልነበረም፤ ሌላ መንገድ አለ ብሎ ስላላመነ ነው እንጂ።

በኋላ ግን ኢጣሊያዊው ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በሚላኖ ከተማ ከ1973 እስከ 1980 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት 701 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ፥ ለአንደኛው ወገን ሙሉውን ቀዶ ጥገና፥ ለሁለተኛው ወገን ጡቱን ሳያጠፋ እብጠቱ ያለበትን ክፍል ብቻ አውጥቶ ጨረር አደረገላቸው። አሜሪካዊው በርናርድ ፊሸርም ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ የመሰለ ሰፊ ምርመራ አካሄደ። ሁለቱም የሃያ ዓመት ውጤታቸውን በ2002 ዓ.ም. አስታወቁ። በዕድሜ ርዝመት በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሕመሙ ሳይስፋፋ የተደረሰባት ሴት እንግዲህ ምርጫ አገኘች ማለት ነው። ምርጫ ካለ ደግሞ ማስረዳት ግድ ነው፤ የሚያስረዳም ሰው የበሽተኛዋን ጥያቄ መስማት አለበት። የካንሰር ሐኪም ድጋፍ የምንለው ነገር ከቸርነት ብቻ የመጣ ሳይሆን ከዚህ ከራሱ ከሕክምናው ዕድገት የመጣ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ፤ ይህም ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ነው። በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ ዋልተር ቤይልና ጓደኞቹ በ2000 ዓ.ም. ክፉ ወሬ የሚነገርበትን ሥርዓት በስድስት ደረጃ ጽፈው ለሐኪሞች ማስተማሪያ አቅርበዋል። አንደኛ፥ ሰው የማይረብሸው ቦታ ይዘጋጃል፤ ሐኪሙም ቁጭ ይላል እንጂ ቆሞ አይናገርም። ሁለተኛ፥ «እስከ ዛሬ ስለ ሕመምዎ ምን ተረድተዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛ፥ ምን ያህሉን ማወቅ እንደምትፈልግ ይጠይቃል። አራተኛ፥ ነገሩን በጥቂት በጥቂቱ፥ በቀላል ቃል ይናገራል። አምስተኛ፥ ልቅሶዋን ወይም ዝምታዋን ታግሦ ይጠብቃል። ስድስተኛ፥ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ አብረው ያቅዳሉ።

እኛም በአገራችን መርዶ የምንነግርበት ሥርዓት አለን። ዘመድ ተጠርቶ፥ ሰዓቱ ተመርጦ፥ አብዛኛውን ጊዜም በማለዳ ይነገራል እንጂ በመንገድ ላይ ለተገኘ ሰው አይጣልበትም። ስለዚህ ክፉ ነገር ሥርዓት ባለው ሁኔታ መነገር እንደሚገባው ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። መርዶ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚነገር ነው፤ የምርመራ ውጤት ግን ገና ብዙ ሥራ ሳለ የሚነገር ነው። ይህን ልዩነት ስላልተረዳን ይመስለኛል ብዙ ቤተ ሰቦች ሐኪሙን ከበር ላይ አግኝተው «እባክዎ ዶክተር፥ ለእርሷ አይንገሩብን፤ ትሰበርብናለች» የሚሉት።

አስተዋይ ሐኪም ለዚህ ልመና በቍጣ አይመልስም፤ ልመናው ከፍቅር የመጣ መሆኑን ያውቃልና። ሆኖም በሽተኛዋን ራሷን «የሕመምዎን ነገር ሁሉ ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ከቤተ ሰብዎ መካከል ለሚመርጡት ሰው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የምትመልሰውንም ይፈጽማል። ምክንያቱ ግልጥ ነው። የማታውቀው ሴት ፀጉሯ ሲረግፍ ለምን እንደ ረገፈ አታውቅም፤ መድኃኒቱ ሲያደክማት መድኃኒቱን ትጠላለች፤ ጥቂት ሻል ሲላት ደግሞ ድኛለሁ ብላ ትቀራለች። የምታውቀው ግን ለምን እንደምትታገሥ ታውቃለች።

ሕክምናው ረዥም ነው። እንደ በሽታው ዓይነትና ደረጃ ቀዶ ጥገና፥ ኬሞቴራፒ የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፥ ጨረር፥ የሆርሞን ኪኒን፥ እንዲሁም በተለይ ለአንዳንዱ ዓይነት ብቻ የተሠሩ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። ኬሞቴራፒ ብዙ ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ እየተሰጠ ወራት ይፈጃል፤ የሆርሞን ኪኒን ደግሞ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የሚወሰድ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ እንደ ጥሩ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሥራውን ዕቅድ በወረቀት ጽፎ ይሰጣታል፤ መቼ ምን እንደሚደረግ፥ መቼ ደም እንደሚመረመር፥ ችግር ሲደርስ ለማን እንደሚደወል። ብዙ ሰው በዚያን ቀን የሰማውን ግማሹን ሳይዝ ይወጣልና፥ ባል ወይም እኅት አብሮ ገብቶ ቢጽፍ እጅግ ይጠቅማል።

በኬሞቴራፒ ጊዜ የሚደርሰውን ነገር አስቀድሞ መናገር ራሱ ድጋፍ ነው። ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይመጣል፤ ለዚህ ዛሬ ጥሩ ጥሩ መድኃኒት ስላለ መታገሥ አያስፈልግም፥ መናገር ነው የሚያስፈልገው። በብዙዎቹ መድኃኒቶች ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ፀጉር መርገፍ ይጀምራል። በአገራችን ፀጉር መላጨት የሐዘን ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ ይህ ነገር ሴቲቱን ብቻ ሳይሆን ያዩዋትንም ያስደነግጣል። ልባም ሐኪም አስቀድሞ ፀጉሯን አሳጥራ እንድትቈረጥ፥ ሻሿንም እንድታዘጋጅ ይመክራታል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ እንደሚበቅል ያስረዳታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ዓይን የማያየው ነው። ይህ መድኃኒት ገላን ከተሕዋስያን የሚጠብቁትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያሳንሳል። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ሙቀቷ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የደረሰ ሴት እስከ ነገ መጠበቅ የለባትም፤ በዚያችው ሌሊት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት። በቤት ውስጥ የሙቀት መለኪያ መኖሩ የዚህን ያህል ዋጋ አለው። ጠያቂ ዘመዶችም ለማበርታት ብለው ጥሬ ሥጋ ወይም ያልበሰለ ክትፎ እንዳያቀርቡላት ይጠንቀቁ፤ ለእርሷ የሚሻላት የበሰለ ምግብ፥ ሾርባና አጥሚት በትንሽ በትንሹ፥ ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ ነው። ጉንፋን የያዘውም ሰው ፍቅሩን በስልክ ቢገልጥ ይመረጣል።

«መጠየቅና መስማት እውነት መድኃኒት ይሆናልን?» የሚል ተጠራጣሪ ይኖር ይሆናል። መልሱን በኒውዮርክ ከተማ የተደረገ አንድ ምርመራ ይስጥልን። ኤታን ባሽ የሚባል የካንሰር ሐኪምና ጓደኞቹ ጡትን ጨምሮ በተለያየ አካል ጀምሮ የተሠራጨ ካንሰር ያለባቸውን 766 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ተለመደው ታከመ። ሁለተኛው ወገን በሳምንት በሳምንት የሚሰማውን ሕመም፥ ድካም፥ ማቅለሽለሽና የመሳሰለውን በኮምፒዩተር እየመዘገበ ይልክ ነበር፤ የባሰ ነገር ሲታይም ለነርሷ ወዲያው ይደርሳታል። በ2017 ዓ.ም. በታተመው ውጤት ሕመሙ በየጊዜው የተጠየቀው ወገን መካከለኛ ዕድሜው 31.2 ወር ሲሆን የሌላው 26 ወር ሆኖ ተገኘ። ከአምስት ወር የሚበልጥ ዕድሜ ማለት ነው። በቶሎ የተነገረ ሕመም በቶሎ ይታከማል፤ ሕክምናውም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በእኛ ዘንድ ግን «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት የጨዋ ልማድ ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ በሐኪም ፊት ግን እግዚአብሔርን ካመሰገኑ በኋላ የሚያመውን ደግሞ መዘርዘር ይገባል።

የልብም ሕመም እንዲሁ ነው። በዚያው በኒውዮርክ ከተማ ጂሚ ሆላንድ የምትባል የአእምሮ ሐኪም ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የካንሰር በሽተኞችን ጭንቀት ለብቻው የሚከታተል ክፍል አቋቁማ መርታለች። ከዚህ ሥራ የተገኘው አንዱ ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ ከዜሮ እስከ አሥር የተጻፈበት የሙቀት መለኪያ የሚመስል ሥዕል ለበሽተኛዋ ይሰጥና የጭንቀቷን ልክ በቁጥር እንድታሳይ ትጠየቃለች። ተስፋ ቈርጫለሁ ለማለት የምታፍር ሴት ስምንት ወይም ዘጠኝ ለማለት አታፍርም። ደግሞም ከሐኪም ይልቅ በዚያው መንገድ ያለፈች ሴት የምታጽናናበት ጊዜ አለ። ቴሬዝ ላሰር የምትባል አሜሪካዊት ጡቷ ከተቈረጠ በኋላ በ1952 ዓ.ም. ያቋቋመችው ማኅበር የዳኑት ሴቶች ገና የታመሙትን በአልጋቸው አጠገብ እንዲጐበኙ ያደረገው ስለዚህ ነው።

አድማጮቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ገንዘብ፥ መጓጓዣና ፈቃድ ለሌላት ሴት ምንም አይጠቅማትም። ይህን ከማንም በፊት አጥብቆ ያስተዋለ ሃሮልድ ፍሪማን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የካንሰር ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። በድኾች ሰፈር በሃርለም ሆስፒታል ሲሠራ፥ እስከ 1986 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ከታከሙት 606 የጡት ካንሰር በሽተኞች አምስት ዓመት የኖሩት ከመቶ 39 ብቻ መሆናቸውን አየ። ግማሽ የሚያህሉት በሽታው ከገፋ በኋላ የመጡ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ነጻ ምርመራ እንዲኖር አደረገ፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ከሰፈሩ ሰዎች መርጦ ለእያንዳንዷ በሽተኛ መንገድ መሪ ሰጣት። የዚህ ሰው ሥራ መድኃኒት መስጠት አልነበረም፤ ቀጠሮ ማስታወስ፥ ወረቀት ማስፈጸም፥ ልጅ የሚጠብቅ ሰው መፈለግ፥ የፈራችውን ማደፋፈር ነበር። ከ1995 እስከ 2000 ዓ.ም. በታከሙት ላይ ሲቈጠር አምስት ዓመት የኖሩት ከመቶ 70 ሆኑ።

በእኛም አገር ችግሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፥ ከሩቅ አውራጃ የመጣች ሴት ተራ እስኪደርሳት የምታድርበት ያስጨንቃት ነበር። በኋላ በጅማና በሌሎችም ከተሞች ተጀምሯል። በ1996 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የተቋቋመው ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ በሽተኞች በአዲስ አበባ ማረፊያ መስጠቱ ከዚህ ችግር የተነሣ ነው። «የት ነው የሚያድሩት? ማን ነው የሚያስታምምዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ከሥራው ውጭ አልሄደም፤ ዋናውን ሥራውን እየሠራ ነው።

የጸበልም ነገር መነሣት አለበት። ብዙ እኅቶቻችን ጡታቸው ውስጥ እብጠት ሲያገኙ አስቀድመው ወደ ጸበል ይሄዳሉ። ልበ ሰፊ ሐኪም እምነትን ከመድኃኒት ጋር አያዋጋም። የሚለምነው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፥ መርፌውና ኪኒኑ በቀጠሮው ቀን እንዳይቋረጥ፤ ሁለተኛ፥ የሚጠጣ ሥራ ሥርና ቅጠል ካለ መድኃኒቱን እንዳይጣላው እንዲነገረው። ሐኪሙ በእምነቷ እንደማይስቅ ያወቀች ሴት እውነቱን አትሸሽገውም።

የሕክምናው ወራት ካለፉ በኋላ ዘመድ ሁሉ «አለቀ፥ ተመስገን» ብሎ ይበተናል። ለሐኪሙ ግን አላለቀም። ሆርሞን የሚያሳድገው ዓይነት ካንሰር የነበረባት ሴት ታሞክሲፌን የሚባለውን ኪኒን አምስት ዓመት ብትወስድ በሚከተሉት ዓመታት በዚህ በሽታ የመሞቷ ነገር በሢሶ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ሆኖም ኪኒኑ ትኩሳት መሰል ወበቅና ላብ ያመጣል፤ እርሷም ሕመም ስለማይሰማት መተው ይቃጣታል። ስለዚህ ሐኪሙ «በዚህ ወር ስንት ቀን ሳይወስዱ ቀሩ?» ብሎ ያለ ቍጣ ይጠይቃል። እጢዎቹ የወጡላት እንደ ሆነ ክንዷ እንዳያብጥ የክንድ እንቅስቃሴ ያሳያታል። ልጅ መውለድ የምትሻ እንደ ሆነም ይህን የሚነጋገሩት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ነው እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም።

በሽታው ተመልሶ የመጣባት፥ መዳንም የማይቻላት ሴት ትኖራለች። በዚያን ጊዜ «ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ መውጣት የለበትም። ሲስሊ ሶንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም በ1967 ዓ.ም. በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ማረፊያ ስትከፍት ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ሕመም የገላ ብቻ አይደለም፤ የልብ፥ የቤተ ሰብና የመንፈስም ነው፤ ሁሉም መታከም አለበት። ሕመምን በሞርፊን ማስታገሥ፥ ትንፋሽን ማቅለል፥ ቤተ ሰቡን አስቀምጦ ማነጋገር፥ ይህ ሁሉ የሚደረግ ነገር ነው።

እንግዲህ ከእናንተ ምን ይፈለጋል? አለቃ የሆናችሁ፥ የሕመም ፈቃድ በሕግ የተሰጠ መብት እንጂ ከእናንተ የሚለመን ችሮታ አለመሆኑን አስቡ፤ የሠራተኛዋም ምሥጢር ከፋይሉ ውጭ እንዳይወጣ ጠብቁ። ባልደረባ የሆናችሁ፥ የልቅሶ ፊት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሥራዋን ተካፍላችሁ ቦታዋን ጠብቁላት። ባል የሆንህ ሆይ፥ በቀጠሮዋ ቀን አብረሃት ሂድ፤ ጠባሳዋንም ሳትሸሽ ተመልከት። አንቺም እኅቴ፥ በጡትሽ ወይም በብብትሽ እብጠት፥ የቆዳ መሰርጐድ፥ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም መሰል ፈሳሽ ያየሽ እንደ ሆነ፥ ባያምሽም እንኳ፥ ፈጥነሽ ታዪ። የዓለም የጤና ድርጅት አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ አሳስቧል። እነዚያ ስድሳ ቀናት ግን መቈጠር የሚጀምሩት አንቺ ከቤትሽ የወጣሽ እንደ ሆነ ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ሐኪሙ የቱን ያህል ዐዋቂና ሩኅሩኅ ቢሆን ያልተነገረውን ሊደግፍ አይችልም።